የምንተዳዬ መታወቂያ

እናቴ ጥላኝ የሄደችው በውሻ መታወቂያ ምክንያት ነው ብዬ ነው ያደግኩት። አትሳቁ። ገና አንደኛ ክፍል ነበርኩ፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ሰው ትልልቆቹ ሲያወሩ ከሰማት ቁራጭ ወሬ ነው ዓለምን የሚሠራው።

ውሻችን ምንተዳዬ ይባላል። ስሙን ያወጣለት አባቴ ወንዳፍራሽ ነው፤ ለውሻው ተጨንቆ ሳይሆን ለነገር ነበር። ሰበታ ውስጥ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ የእህል ወፍጮ ነበረን፤ ዱቄት ጎደለብኝ እያለ የሚነታረክ ሰው ደግሞ መቼም አይጠፋም። አባቴ መመለስ ሲሰለቸው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ «ምንተዳዬ! ና ብላ!» ይላል። ሰውየውም ይገባዋል፤ ውሻውም ይበላል።

እኔ ከእናቴና ከምንተዳዬ በቀር ሰው አልነበረኝም። ወንድም የለ፣ እህት የለ። ፀጉሬ ላይ ዱቄት ስለማይጠፋ የሰፈር ልጆች «አሮጊቷ መጣች!» እያሉ ያባርሩኛል። ወፍጮው ከተነሳ ደግሞ ቤት ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ለአባቴ የሆነ ነገር ለመናገር ከፈለግኩ እጅጌውን መጎተት ነበረብኝ፤ እሱም «ቆይ፣ ቆይ» ብሎ ጆንያውን ያነሳል። ስለዚህ ጓሮ እሄዳለሁ፤ ከምንተዳዬ ጎን ቁጭ ብዬ የልቤን ሁሉ እነግረዋለሁ። ጥሩ አድማጭ ነበር፤ አንዳንዴ ብቻ ዝንብ ሊይዝ ያቋርጠኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ድምፅ ማጉያ የጫነች ፒክአፕ ሰፈሩን ዞረች። «ውሻ ያላችሁ ነዋሪዎች! ውሻችሁን አስከትቡ! አስመዝግቡ! ማሰሪያ ሳይኖረው በየመንገዱ የሚዞር ውሻ ይወገዳል!» በአማርኛ ብላ ስትጨርስ በኦሮምኛ ትደግመዋለች። የተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ ይታሰርለታል፤ ከማሰሪያው ላይ ቁጥር ያላት ቆርቆሮ ተንጠልጥላለች፤ ባለቤቱም በስሙ ይመዘገባል። እኛ ልጆች ያችን ቆርቆሮ የውሻ መታወቂያ ነበር የምንላት።

እናቴ ድንቅቱ «እንውሰደው እንጂ ወንዳፍራሽ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው» አለችው።

«አይ አንቺ! ለራሴ የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ጫማዬ አልቋል፤ አሁን ደግሞ ለውሻ ልሰለፍልሽ?» አባቴ ሳቀ። «ደሞ የተከተበ ውሻ ይፈዛል። የሥጋ ቤቱን ውሻ አላየሽም? ከተወጋ ወዲህ ሌባ ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ ነው የሚቀበለው።»

ይህን ወሬ ዛሬም እሰማዋለሁ። አሁን ሱሉልታ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ በዘመቻ ሰሞን ከሰው ጋር የምከራከረው በዚሁ ነው። ውሻ አይፈዝም። የተወጋበት ቦታ ትንሽ ያመዋል፣ ያን ቀን ይተኛል፣ በቃ።

ዝናቡ አልፎ ወንዙ በጎደለበት ወራት ነው፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ምንተዳዬ የለም። እናቴም የለች። በሷ ቦታ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ማሪቱ፣ ከቡራዩ ጓዟን ይዛ መጥታ ምድጃ ዳር ተቀምጣለች።

«እማዬስ?»

«ኦቦ ጂሬኛ ጋ ሄዳለች። እግሯን እሾህ ወግቷት ነው።»

ኦቦ ጂሬኛ የእናቴ አጎት ነው፤ ከወንዙ ማዶ ይኖራል፤ ቅጠልና ሥር ያውቃል ይባላል።

«ምንተዳዬስ?»

«ለሰንዳፋ ሰው ተሰጠ» አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ወይ ይሄ ሽንኩርት!» ሽንኩርት ግን አልነበረም፤ ድስቱ ውስጥ የነበረው ውሃ ብቻ ነው።

እሾህም አልነበረም። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ፣ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ነው። ምንተዳዬ ምግብ ትቶ፣ ውሃ ትቶ፣ ከጆንያው ሥር ተወሽቆ ነበር። እናቴ ታመመብኝ ብላ ምግብ ስታቀርብለት ባቷን ነከሳት። ለሃጩ ይዝረበረብ ነበር አሉ። አባቴ በወፍጮው ብረት ጨርሶት ከጓሮ ቀበረው። የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ላይ አንዴ ምልክቱ ከታየ መመለሻ የለውም፤ ይገድላል። እናቴ ሞትን እየጠበቀች ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድ እሾህ ለማውጣት ይሄን ያህል ይቆያል እንዴ እያልኩ አኮርፋለሁ።

ቤቱ ባዶ ሆነብኝ። አክስቴ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ፀጉር ስትሠራ ከሥሩ ነው የምትነቅለው፤ ተረት ስጠይቃት ደግሞ «አሁን ተረት የሚያወራ ሆድ አለኝ?» ትለኛለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶው ጓሮ ውስጥ ቁጭ እላለሁ። አንዳንዴ ለምንተዳዬ የምነግረውን ነገር ለግድግዳው እጀምርና አፍሬ እተወዋለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ስወርድ እናቴን አየኋት። ከማዶ፣ ድንጋይ ላይ ጋቢ ተከናንባ ቁጭ ብላለች።

«እማ!» ጄሪካኔን ወርውሬ ሮጥኩ።

«ቱሪ!» ብላ እጇን ዘረጋች። ቆይ ማለቷ ነው። እናቴ ስትደነግጥ ኦሮምኛዋ ነው የሚቀድማት። «ቱሪ፣ ኢንተላ ኮ። እዚያው ሁኚ ልጄ፤ እንዳትሻገሪ።»

«እንግዲያ አንቺ ነይ!»

ራሷን ነቀነቀች። ያ ወንዝ በበጋ ወንዝ አይባልም። ፍየል ሳይረጥብ ይሻገረዋል። የኔን ጉልበት እንኳ አይደርስም። እናቴ ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ «ምን በላሽ? ፀጉርሽን ማን ሠራሽ?» ትለኛለች፤ ዓይኗን ከኔ አትነቅልም፤ ብቻ አትነሳም።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ ወንዝ ዳር ሆነ ኑሮዬ። እሷ ከማዶ፣ እኔ ከወዲህ። ከኋላዋ፣ ከኦቦ ጂሬኛ ግቢ የልጆች ሳቅ ይሰማል። ልጅ የሞላበት ቤት ነው። እናቴ እነሱን ለምዳ እኔን ልትተወኝ ነው ብዬ አመንኩ። እየጨለመ ሲመጣ አክስቴ ስትጠራኝ እያለቀስኩ ዳገቱን እወጣለሁ፤ ዞር ብዬ ሳይ እናቴ እዚያው ቆማለች፤ እጇን እንኳ አታወዛውዝም፣ አፏን በጋቢዋ ይዛለች።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴና አባቴ ተጣሉ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

«ስንቴ ተነግሮህ ነበር!» አለች አክስቴ። «ያኔ አስከትበኸው፣ አስመዝግበኸው፣ ያችን ማሰሪያ አስረህለት ቢሆን ኖሮ ድንቅቱ ዛሬ ቤቷ ነበረች! ይቺ ልጅ እናት እያላት እንደ ሙት ልጅ ትሆን ነበር?»

አባቴ ግንባሩን ከወፍጮው ቆርቆሮ ላይ አስደግፎ ቆመ።

ነገሩ ሁሉ በራልኝ። ለካ እናቴ የሄደችው ምንተዳዬ ስላልተመዘገበ ነው! አስመዝግበው አለችው፣ እሱ እምቢ አለ፣ እሷ ተቀየመች። እኛ ቤት ደግሞ እናቴ ስትቀየም እንዲህ ነው፤ አትጮህም፣ ትርቃለች። እንግዲያ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውሻ ማስመዝገብ።

ፒክአፗ ተመልሳ መጣች። አክስቴ ድምፅ ማጉያውን ስትሰማ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ብላ መስኮቱን ድርግም አደረገችው። እኔ ግን በጓሮ በኩል ወጣሁ። ምንተዳዬ ሰንዳፋ ነው፤ ሰንዳፋ የት እንደሆነ አላውቅም። ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ግን ባለቤት የሌለው አንድ ቡላ ቡችላ ነበር፤ የዩኒፎርሜን መቀነት አንገቱ ላይ አስሬ ጎተትኩት። እሱም ሲጎተት፣ ሲቀመጥ፣ ሲጎተት፣ ኳስ ሜዳው ደረስን።

ሜዳው በጩኸት ተሞልቷል። ወንዶች ውሻቸውን በሰንሰለት ይዘው ይሰዳደባሉ፤ ውሾቹም እንደዚያው። ነጭ ጋዋን የለበሰ መልከጼዴቅ የሚባል ወጣት ይከትባል፤ ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል።

«የማን ነው ሚጢጢዬ?» አለኝ።

«የኛ።»

«ስሙስ?»

«ምንተዳዬ።»

የተሰለፈው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። «በማን ስም ይመዝገብ? በአባትሽ?»

አሰብኩ። አባቴ ከእንግዲህ አይታመንም። «በእናቴ። ድንቅቱ ትባላለች።»

«ድንቅቱ… የወፍጮ ቤቱ?»

«አዎ። ኦቦ ጂሬኛ ጋ ናት። ይሄ ከተመዘገበ ግን ትመጣለች።»

ሳቁ ቆመ። ከኋላዬ አንድ ሰው «እግዚኦ» ሲል ሰማሁ። ለምን እንዳለ አልገባኝም። መልከጼዴቅ ተንበርክኮ ቡችላውን ወጋው፤ ቀዩን ማሰሪያ በራሱ እጅ አሰረለት፤ ሰፍቶት ስለነበር አጠበቀው። ከዚያ መርፌውን ለጓደኛው ሰጠና «አባትሽ ጋ ውሰጂኝ» አለኝ።

አባቴ እኛን ሲያይ ወፍጮውን አጠፋው። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ወፍጮው ጠፍቶ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ሳይረፍድ አዲስ አበባ ይውሰዷት» አለ መልከጼዴቅ። «መርፌው እዚያ አለ። ገና ምልክት አልታየባትም፤ ይደርሳል።»

«የአጎቷን መድኃኒት ጠጥታለች።»

«ትጠጣ፤ ግን…»

«ምን ግን አለው!» አባቴ ጮኸ። «መሃል ላይ ውሃ አለ እኮ! እንዴት አድርጌ ነው የማሻግራት? በገዛ እጄ ልግደላት?»

በሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፈትኩ። ውሃ? ያ ውሃ? አባቴ ምን ነካው? የትኛው ድንጋይ እንደሚረገጥ እኔ አውቃለሁ። ትልልቅ ሰዎች አንዳንዴ የሚያሳፍሩ ናቸው አልኩ በልቤ። ቡችላዬን አቅፌ ቁልቁል ሮጥኩ።

እናቴ እዚያው ድንጋይዋ ላይ ነበረች። «እማ! ተመዘገበ! በስምሽ ነው! እዪው!» ብዬ ቡችላውን አንገቱ እንዲታያት ከፍ አደረግኩት።

ብድግ አለች። ፊቷ ዱቄት መሰለ። «ልቀቂው! ፌኔት፣ ውሻውን ልቀቂው!»

«ተከትቧል! መታወቂያ አለው! በቃ ነይ!»

«ልቀቂው አልኩሽ!»

እንግዲያ እኔ እመጣለሁ ብዬ ውሃው ውስጥ ገባሁ። «ተመለሺ!» አለች። እኔ አንድ እርምጃ ስቀርብ እሷ አንድ እርምጃ ወደኋላ ትላለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ ከኔ ትሸሽ ነበር።

ገና መሃል ሳልደርስ የረገጥኩት ድንጋይ ተንከባለለና በግንባሬ ተደፋሁ። ቡችላው ላዬ ላይ ወደቀ። ጥልቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ተደፍቶ ውሃ ለሚውጥ ልጅ ጉልበት የማይደርስም ባሕር ነው። አፌም አፍንጫዬም ሞላ። ከዚያ ክንድ ከወገቤ ይዞ አነሳኝ። እናቴ ነበረች፤ መራራ ቅጠል ትሸታለች። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እየሮጠች ወደኛ ዳር ወጣች፤ ሣሩ ላይ አስቀመጠችኝ፤ አልለቃትም ስል ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቃ በሁለት እጇ ገፈተረችኝ።

«ነ ሂን ቱቂን!» አለች። አትንኪኝ! እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሷ ሰምቼ አላውቅም። ወደኋላዬ ተንጋለልኩ። እሷ ግን አላየችኝም፤ የረጠበ እግሯን አይታ ቁጭ አለችና እሪ አለች። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እየሮጡ መጡ፤ እግሯን አዩና ደረታቸውን መቱ። አክስቴ ከዳገቱ እየወረደች «ተሻገረች! ወይኔ፣ ተሻገረች!» ትላለች።

መመለሷ እኮ ነው። መጥታለች እኮ። ለምንድነው ታዲያ ሁሉም የሚያለቅሰው? እንዳልተፈለግኩ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ቡችላው ውሃውን አራግፎ እኔ ላይ ረጨው፤ ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተኛ፤ ከሰው ሁሉ ወደኔ የመጣ እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ አባቴ በሚኒባስ አዲስ አበባ ወሰዳት፤ ከዚያም በየቀኑ ይመላለሱ ነበር። ሆዷን ይዛ ትመለሳለች፤ መርፌው ያኔ እምብርት ዙሪያ ነበር የሚሰጠው። ኩባያዋ ለብቻ፣ መኝታዋ ለብቻ፤ ከጆንያዎቹ ጋር። ስጠጋት «ዞር በይ» ትለኛለች። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ሳቀች፤ እጇን ዘርግታ «ነይ» አለችኝ። እኔ ግን መሄድ አቃተኝ። እግሬ ተነስቶ ቆመ። እሷም እጇን መለሰች፤ ሁለተኛ አልዘረጋችውም።

እንደዚያው ቀረን። ካደግኩ በኋላ ነገሩ የእብድ ውሻ እንደነበረ ስሰማ አእምሮዬ ብዙ ሰበብ ፈለገላት፤ ታማ ነበር፣ ፈርታ ነበር። ሆዴ ግን አልተቀበለም። የታመመ ሰው ከልጁ ጋር በበጋ ወንዝ ይለያያል? ኮሌጅ ሩቅ መረጥኩ፤ ሥራም ሩቅ። ሱሉልታ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው፤ የጎረቤቶቼን ሳቅ እሰማለሁ። እናቴ እሁድ እሁድ ትደውላለች። «በላሽ?» ትለኛለች። «በላሁ» እላለሁ። «በይ ደህና ሁኚ» ብላ ትዘጋለች።

አምና ሱሉልታ ለክትባት ወጥተን ሳለ ኦቦ መገርሳ የሚባል ገበሬ ውሻ ሳይዝ መጥቶ ጥግ ይዞ ቆመ። ሰልፉ ሲሳሳ ጠርቼ ጠየቅኩት። ልጁን ውሻ ነክሶታል፤ መድኃኒት አዋቂ ጋ ጠጥቷል፤ «ለውሻ የምትወጉትን ለሱም ትወጉልኛላችሁ ወይ ብዬ ነው» አለኝ።

«የሰው መርፌ ሌላ ነው አባባ። አሁኑኑ አዲስ አበባ መወሰድ አለበት።»

ራሱን ነቀነቀ። «ወንዝ አለ እኮ ልጄ።»

«ወንዝ ምን ያደርጋል?»

ገርሞት አየኝ። «ተምረሽ ይህን አታውቂም? ያንን መድኃኒት የጠጣ ሰው አርባው ቀን ሳይሞላ ውሃ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይሻራል። ያብዳል፤ ይሞታል። ሰው እያወቀ ውሃ ውስጥ ይገባል እንዴ?»

መርፌውን አስቀመጥኩ። ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። ኦቦ መገርሳ «ውሃ አምጡላት!» እያለ ይጣራል። እኔ የማየው እናቴን ነው፤ ድንጋዩ ላይ፣ በጋቢዋ አፏን ይዛ።

ልቤ ሲመለስልኝ «ኦቦ መገርሳ፣ ውሃውን የሚሻገረው እኮ መኪናው ነው» አልኩት። «ልጁ ከላይ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። እግሩ ጠብታ አይነካም።»

ብዙ አሰበ፤ ቤቱ ሄዶ ከሚስቱ ጋር ተማክሮ ተመለሰ። «እሱስ እውነት ነው» አለ በመጨረሻ። ልጁን ያን ዕለት ወሰድነው፤ ዛሬ መንገድ ላይ ኳስ ሲመታ አየዋለሁ።

እኔ በነጋታው ሰበታ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ አጠገቤ ያለችው ሴት «የሞተ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ምን እላታለሁ? ያን ሁሉ ዓመት እናት እያለችኝ ያለ እናት ነው የኖርኩት፤ እሷም ልጅ እያላት ያለ ልጅ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። አርጅታለች። ሳልደውል በመምጣቴ ደነገጠች።

«ምን ሆነሻል? ታመሻል?»

«አልታመምኩም። እማ፣ ያኔ ወንዙ ዳር ለምንድነው የገፋሽኝ?» እማ ካልኳት ስንት ጊዜዬ ነው።

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «እንድትርቂ ነዋ። ምራቄ ይሁን ላቤ፣ የቱ እንደሚጋባ መች አውቄ። ነክቼሻለሁ ብዬ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ሕፃን ልጅ እናትሽ ልታብድ ነው ተብላ ትደር? ኋላ ደግሞ አንቺ ሸሸሽኝ። ረስታዋለች፣ አልነካካባት ብዬ ተውኩት።»

«ውሃውን ከተሻገርሽ እንደምትሞቺ ታምኚ ነበር?»

«አጎቴ ነው የነገረኝ። የአባቴ ወንድም። እንዴት አላምነውም?»

«ከልብሽ?»

«ከልቤ።»

«እና እያወቅሽ ገባሽበት?»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው የምትጠይቀኝ በሚል ዓይን።

«ወድቀሽ ነበራ» አለችኝ።